በአውራ ጣት የታየ ፊት

ጥቅምት 3

ለውድ የእህቴ ልጅ፣ ለድንቢጤ፦

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ ብቻ ከወንበሩ ጋር መማከር ጀምሯል፤ ሳይስማሙ አልነሣም። የሥራ ክፍሌም እንደተውሽው ነው። መስኮቱ ዛሬም በትከሻ ካልገፉት አይከፈትም፤ ወናፍም ዛሬም ከራሱ በፊት ትንፋሹ ነው የሚገባው። ሰላም በላት ብሎኛል። ከአርባ ዓመት በላይ ነሐስ ሲያቀልጥልኝ ኖሮ አሁንም ሰላምታውን በሰው ነው የሚልከው፤ ደብዳቤ የሥራ ፈት ነው ይላል።

ነገሬን ላሳጥር። ሜዳሊያሽን ልሠራ ነው። የእናትሽን ሠርቻለሁ፣ የአባቴን ሠርቻለሁ፣ የማላውቃቸውን ስንትና ስንት ሐኪምና ርእሰ መምህር ሠርቻለሁ። አንቺን ግን "ትንሽ ፊቷ ይርጋ" እያልኩ ስጎትት አርባ ዓመትሽ ደረሰ። አንቺን ሠርቼ እጄን ላሳርፍ ነው። ለምን ማረፍ አማረዎት አትበይኝ፤ ሰው ይደክመዋል።

የምፈልገው አንድ ፎቶ ነው። ሌላው ሰው ከውጭ ዘመዱ ጫማና ስልክ ያስልካል፣ እኔ ጎንሽን ላኪልኝ ነው የምልሽ። ልብ አርጊ፦ ከጎን የተነሣ፣ ቀኝ ጉንጭሽ የሚታይበት። እናትሽ በቀኟ ስለሆነች አብራችሁ ወደ አንድ አቅጣጫ እንድታዩ ነው። ፀጉርሽ ከጆሮሽ ላይ ይነሣ። አትሳቂ። ሳቅ ሰም ላይ ሲወጣ የጥርስ ሕመም ይመስላል፤ አንቺ ደግሞ ጥርስ ሠሪ ነሽና ሰው ያማሻል።

ደንባችንን መቼም አልረሳሽውም። ሰሙ ሲያልቅ ሰውየውን የሚያውቅ አንድ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ይዳስሰዋል። ሳያመነታ ማን እንደሆነ ከጠራ ወደ ነሐስ ያልፋል፤ ከተሳሳተ ተመልሶ ድስት ገብቶ ይቀልጣል። የእናትሽን የዳሰስሽው አንቺ ነበርሽ። ያንቺን ወናፍ ይዳስሳል፤ ትከሻው ላይ ነው ያደግሽው።

በክረምት እመጣለሁ ብለሽ ቀረሽ። ዓምናም እንዲሁ ነበር። አልቆጠርኩም፣ እንዲያው ልበል ብዬ ነው።

የሚወድሽ አጎትሽ

ኅዳር 21

ይድረስ ለማከብርዎ ለጋሼ፦

ፈጣሪ ጤናዎን ያብዛልኝ፤ ወገብዎንም ከወንበሩ ጋር ያስታርቅልኝ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። የዚህ ከተማ ሰው ሁሉ በአንድ ወር ጥርሱ የወለቀ ይመስል የጄሶ ቅርጹ ጠረጴዛዬ ላይ ተቆልሏል።

የእማዬን ሜዳሊያ በሥራ ካፖርቴ ኪስ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ነው የምይዛት። ባለፈው ሳምንት ከጎኔ የምትሠራው ባልደረባዬ "ምን ይዘሽ ነው ሁልጊዜ ኪስሽን የምትዳብሺው?" አለችኝና አወጣሁላት። እንደ ሳንቲም አገላብጣ አየቻትና "ቆንጆ ናት" ብላ ልትመልስልኝ ስትል፣ "ቆይ" ብዬ የጠረጴዛዬን መብራት ዝቅ አድርጌ ከጎን አበራሁባት። ጋሼ፣ እንዴት ልንገርዎ! እማዬ ከነሐሱ ብድግ አለች። ባልደረባዬ እጇን ባፏ ጫነች። መለኪያ አምጥታ ለካቻት እኮ! ከሁሉ ከፍ የሚለው ጉንጯ ከጥፍር ውፍረት አይበልጥም። በዚያች ውስጥ ጉንጭ አለ፣ ከጉንጩ ኋላ ጆሮ አለ፣ ከጆሮው ኋላ የተጠቀለለ ፀጉር አለ። "ይኼ ሁሉ ሰው የት ገብቶ ነው?" አለችኝ።

እኔም ስንት ዓመት ይዣት ስኖር ልብ ያላልኩትን ያን ቀን አየሁ። ፀጉሯን አንድ በአንድ አልቆጠሩትም፤ ከጆሮዋ በላይ ሦስት መሥመር ጭረው ቀሪውን ለተመልካቹ ተዉለት። አንገቷ የት አልቆ ባዶው ነሐስ የት እንደሚጀምር ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ከሁሉም ከሁሉም ግን የከንፈሯ ጥግ! ያቺ በቀኝ በኩል ዝቅ ያለችው፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስፒል በአፏ ይዛ ስትሰፋ የቀረችባት። በአንድ የጥፍር ጫና ነው የሠሯት፣ አይደል? ሌላ ሠሪ ቢሆን አስተካክሎ ያሳምራት ነበር። እርስዎ ግን አልነኳትም፣ እማዬም እዚያች ጥግ ላይ አለች። በጠርዙም እንደ ልማድዎ ስም የለም፤ "ልብስ ሰፊዋ" ብቻ። ከጀርባዋ ደግሞ የአውራ ጣትዎ አሻራ። ሲናፍቁኝ የራሴን አውራ ጣት እዚያ ላይ አሳርፋለሁ።

ፎቶውን ልኬያለሁ። ፎቶ አንሺው "ግራሽ ይሻላል" ብሎ በግራዬ ነው ያነሣኝ፤ እሱ የሚያውቀውን ያውቃል ብዬ ዝም አልኩ። ለክረምት አሁን ቃል አልገባም፤ ፈቃድ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። ወናፍን ትንፋሹን ይቆጥብ ይበሉልኝ።

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ

ታኅሣሥ 19

ለማትታዘዘው ድንቢጥ፣ ሰላምታዬ ከቁጣዬ ይቅደም፦

ፎቶሽ ደረሰኝ። ያን ፎቶ አንሺ ንገሪልኝ፤ የሚያውቀውን ከማወቁ በፊት ቀኝና ግራ ይወቅ። ቀኝ ብዬ በትልቁ ጽፌ ግራ ትልኪልኛለሽ? ደግሞ ምን ነክቶሽ ነው? ልጅ ሆነሽ ከደረጃ ወድቀሽ አገጭሽ የተሰፋው በግራ በኩል አይደለም እንዴ? በዚያ ጎን የሚያነሣሽ ሲመጣ "ጠባሳዬ ይታያል" ብለሽ ፊትሽን የምታዞሪ ልጅ፣ ዛሬ ጠባሳሽን አስቀድመሽ ላክሽልኝ። ገረመኝ። ግን ነገር አላበዛም።

እናትሽን እንዲያ አድርገሽ ማየትሽ ደስ አሰኝቶኝ ቀኑን ሙሉ ስዘፍን ዋልኩ፤ ወናፍ ከነትንፋሹ ሸሽቶኝ ወጣ። ስለ ከንፈሯ ጥግ እውነትሽን ነው፣ የአውራ ጣቴ ጥፍር ናት፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ሁለተኛ ብነካት ትበላሽ ነበር። ሰባት ጊዜ አቅልጬ በስምንተኛው ነው የያዝኳት። እናትሽ "አፌን አጣመምከው" ብላ ወር አኮረፈችኝ፤ ከዚያ ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ስታሳይ ከረመች።

የቀኝሽን ፎቶ ብጠብቅ የምታመጪው ስላልመሰለኝ በሐሳቤ ጀመርኩ። ለእናትሽ ሐዘን የመጣሽ ጊዜ፣ ያቺ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ በመስኮቱ ስታዪ የነበረውን ፊትሽን። ሰሙ አለቀ። ወናፍ ዓይኑን ጨፍኖ አንዴ ዳሰሰና "ድንቢጥ ናት፣ ምን ትጠይቀኛለህ" አለ። አለፈ ማለት ነው። እኔን ግን ደስ አላለኝም። አንድ ነገር ያመለጠኝ ይመስለኛል። ስለዚህ በጄሶ ገልብጬ ልኬልሻለሁ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ዳስሺውና አንቺ መሆንሽን ወይም አለመሆንሽን በእውነት ንገሪኝ። የመጨረሻ ሥራዬ በውሸት እንዲያልፍ አልፈልግም።

ጽሑፌ ከተለቀብሽ ብዕሩ ነው።

አጎትሽ

የካቲት 27

ጋሼ፦

ሰላምታውን እንደ ወጉ ልደርድር ብዬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ደህና ነዎት ወይ? እኔ ደህና አይደለሁም። ደህና ነኝ ማለት ሰለቸኝ።

ጄሶው ሳይሰበር ደርሷል። እንዳዘዙኝ ዓይኔን ጨፍኜ ዳሰስኩት። እኔ ነኝ፤ ያኔ የነበርኩት እኔ። ከዚያ ተነሥቼ የራሴን ቀኝ ጉንጭ በዚያው አውራ ጣቴ ዳሰስኩ። አልተገናኙም።

የዛሬ ዓመት ተኩል አንድ ጠዋት ስነሣ የፊቴ ቀኝ ጎን አብሮኝ አልነሣም። ሐኪሙ ነርቭ ነው፣ በወር በሁለት ወር ይመለሳል አለኝ። ለብዙ ሰው ይመለሳል። ለእኔ ግማሹ ተመልሶ ግማሹ ቀረ። ቅንድቤ አይነሣም፣ ጉንጬ ወርዷል፣ የአፌ ጥግ ተንጠልጥሏል፤ ውኃ ስጠጣ በዚያ በኩል ይፈስብኛል። ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሳስተካክል ውዬ ማታ የራሴን በሻርፕ ሸፍኜ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ቀኜን ወደ መስኮቱ የማዞርበት ወንበር ካልተገኘ ቀጣዩን እጠብቃለሁ። በክረምት እመጣለሁ ብዬ የቀረሁት ፈቃድ አጥቼ አይደለም። እርስዎና ወናፍ በር ላይ ቆማችሁ ስታዩኝ ፊታችሁ ላይ የሚመጣውን ፈርቼ ነው።

እባክዎ ጋሼ፣ ያቺኑ ወደ ነሐስ ያሳልፉልኝ። አንድ ቦታ ላይ እንኳ ሳልጣመም ልኑር።

ሌላም አለኝ። እርስዎ ፎቶዬን እንዳነበቡት እኔም ጄሶዎን አነበብኩት። "ጥርስ ሠሪዋ" የሚሉት ፊደላት ጠርዙ ላይ አንዱ ወጥቶ አንዱ ወርዷል። የዓይኔ ሽፋን ሁለት ጊዜ ተቆርጧል። የደብዳቤዎ መሥመርም ዳገት ይወጣል። የእርስዎ እጅ እንዲህ ሆኖ አያውቅም፤ በብዕር አያሳብቡ። ዓይንዎ እንዴት ነው?

ልጅዎ

መጋቢት 10

እኔን! እኔን ልጄን! ዓመት ተኩል ሙሉ ብቻሽን?

ደብዳቤሽን ወናፍ ነው ያነበበልኝ። አንዴ አነበበው፤ ድገመው ስለው ትንፋሹ አልበቃውም፣ ተነሥቶ ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እንግዲህ በሌላ ሰው ማስነበቤን ካወቅሽ ጥያቄሽ ተመለሰ። መሐሉ ጠቁሯል ልጄ። ዳር ዳሩን ነው የማየው። ከሰው ጋር ሳወራ ፊቱን አጥቼ ጆሮውን አያለሁ። ይህንም የምጽፈው ማስመሪያ ወረቀቱ ላይ አስተኝቼ፣ በጣቴ እየለካሁ ነው። እንዳላሳስብሽ ብዬ ደበቅኩሽ፤ አንቺም እንዳታሳስቢኝ ብለሽ ደበቅሽኝ። ጉድ ነን እኮ! አንድ ሥጋ መሆናችንን ለማወቅ ሌላ ምልክት አያስፈልግም።

አሁን የምነግርሽን ስትሰሚ እንዳትቀየሚኝ። ያችን ልጅ አቀለጥኳት። ትናንት፣ በገዛ እጄ። ወናፍ "ተው፣ ተው" ብሎ እጄን ይዞኝ ነበር። ምን ላርግ? ባለቤቷ ዳስሳ "አልተገናኙም" ካለች ድስት መግባት ነው፤ ደንቡ ለዘመድ አይላላም። እኔ የሌለ ሰው ሠርቼ አላውቅም። ስለ አፍሽ ያልሽውን ሰምቻለሁ። ያለሽውን አንቺን ነው የምፈልገው።

ፎቶ ከእንግዲህ ለእኔ ባዶ ወረቀት ነው። አንቺ ግን ቀኑን ሙሉ ጄሶ ስታቦኪ ነው የምትውይው። ፊትሽን እንዳለ በጄሶ አውጪና ላኪልኝ። አውራ ጣቴ ገና ያያል። ካልፈለግሽ አላስገድድሽም። ሰሙ ይጠብቅሻል፤ የቀረችኝ የዓይን ዳር ግን ምን ያህል እንደምትጠብቅ ሐኪሙም አላወቀም።

አጎትሽ

ሚያዝያ 8

ለጋሼ፣ ጤናም ዕድሜም ሳይጎድልብዎ፦

ያችን ልጅ በማቅለጥዎ ሁለት ቀን አኮረፍኩዎት። ማኩረፌን ግን የሚነግርዎት ስላልነበረ ብቻዬን አኩርፌ ብቻዬን ታረቅኩ።

ሣጥኑ ውስጥ በጥጥ የተጠቀለለው እኔ ነኝ። ለባልደረባዬ የጠየቁኝን ስነግራት "ምን ሆነሽ እስካሁን ዝም አልሽ?" ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። በምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ሲወጣ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችኝ፣ አፍንጫዬ ላይ ሁለት ስትሮ ሰካች፣ ለጥርስ ቅርጽ የምንጠቀምበትን ቀዝቃዛ ሊጥ ፊቴ ላይ ደፋችው። የመጀመሪያው ተበላሸ። "እንዳትሞቺብኝ፣ የከሰዓቱን ሥራ ብቻዬን አልጨርሰውም" ስትለኝ ሳቅኩ፤ በሳቅኩበት በአንዱ ጎኔ ሊጡ ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ወጣ።

ጄሶውን ስናላቅቀው አላየውም ብዬ ነበር። አየሁት። መስታወት ሲሆን እሸሻለሁ፣ አንገቴን አዞራለሁ፣ ሻርፔን እጎትታለሁ። ጄሶ ግን ዝም ብሎ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። አለቀስኩ ጋሼ። ባልደረባዬ ወለሉን ትጠርግ ጀመር፤ ወለሉ ንጹሕ ነበር።

አደራ የምልዎት ሁለት ነገር ነው። አዝነውልኝ አያቅኑኝ። ወናፍም አዝኖልኝ አይዋሽ፤ ማን እንደሆነች ሳይነገረው ይዳስስ። ካላወቀኝ እኔም እንደ ያቺኛዋ ድስት ልግባ። እዚያ ቤት የሚያውቀኝ ሰው ከሌለ ሜዳሊያው ለማን ይሆናል?

ልጅዎ

ሰኔ 30

ለዓይኔ፣ ለድንቢጤ፦

ዝም ያልኩሽ እየሠራሁ ስለነበር ነው፤ ሌላ ነገር እንዳታስቢ። በፊት በሳምንት የምጨርሰው አሁን ሁለት ወር ፈጀብኝ። ግራ እጄ ጄሶሽ ላይ፣ ቀኝ እጄ ሰሙ ላይ። ግራው ያነባል፣ ቀኙ ይጽፋል። ሣጥንሽን ከወናፍ ደብቄ፣ ደብዳቤሽንም በጎረቤት ልጅ አስነብቤ፣ እሱን አጠገቤ ተቀምጦ እንዳያይ ስል ጠዋት ጠዋት እያባረርኩት ከረምኩ። ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ፤ የአንድ ሹም ትእዛዝ ነው ብዬ ዋሸሁት። ዓይኔን በጨው ታጥቤ!

ቅንድብሽን እንደወረደ ተውኩት። ጉንጭሽን ከአጥንቱ ሥር ትንሽ አሳረፍኩት። የአፍሽ ጥግ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሦስት ቀን አልነካሁትም። በአራተኛው ቀን ግራ አውራ ጣቴን ጄሶው ላይ አድርጌ፣ በቀኙ ጥፍር አንዴ ተጫንኩ። አንዴ ብቻ። እጄ መንገዱን የሚያውቀው መሰለኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን ያን ጊዜ አልገባኝም።

ሲያልቅ ወናፍን ጠራሁት። "ዓይንህን ጨፍንና ንገረኝ፣ ማን ነው?" አልኩት። ጨፈነ። አውራ ጣቱ ከግንባር ጀምሮ ወረደ፣ አፍንጫውን አለፈ፣ ከንፈሩ ጥግ ላይ ሲደርስ ቆመ። ያ ቤት የሚያናውጥ ትንፋሹ ቀጥ አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፦

"ልብስ ሰፊዋ ናት" አለኝ። "ስፒሎቿን ከአፏ አውጥታ ነው?"

እናትሽን ነው የጠራው።

ተሳሳተ ማለት ነው። በደንቡ ድስት ነሽ። ሰሙን ተቀብዬው ተነሣሁ፤ ድስቱም እሳት ላይ ነበር፣ ሙቀቱ ፊቴን ይመታኛል። የመጨረሻዬ ነው፣ ሁለተኛ ልሥራው ብል አልችልም። በሕይወቴ ደንቡን አፍርሼ አላውቅም። ወናፍ ነገሩ ግራ ገብቶት "ምን ሆነሃል? እሷ አይደለችም እንዴ?" አለኝ። "ልጅቷ ናት" አልኩት። "ድንቢጥ ናት። አሁን እንዲህ ነው ፊቷ።"

ሰሙን ከእጄ ቀማኝ። ደግሞ ዳሰሰው፣ ደግሞ ደጋግሞ። ያ ግንድ የሚያህል ሰውዬ እንደ ሕፃን አለቀሰ። "አልተሳሳትኩም" አለኝ። "ትሰማኛለህ? አልተሳሳትኩም። ይህችን ከንፈር አውቃታለሁ። አርባ ዓመት ሱሪዬን የጠገነች ሴት ከንፈር ናት። እሷን ድስት ከጨመርክ እኔንም ጨምረኝ።" ድስቱን ራሱ አወረደው።

ያን ጊዜ ነው እጄ ለምን መንገዱን እንዳወቀ የገባኝ። እህቴን ስምንት ጊዜ ሠርቻታለሁ፤ አውራ ጣቴ አልረሳትም። አንቺ የተበላሸብሽ የመሰለሽን ጎን እኔ የማውቀው ከአንቺ መወለድ በፊት ነው።

ነሐሱን ወናፍ በአንድ ጊዜ አፈሰሰው፤ አንዲት አረፋ የለችበትም። ቀለሙን እንደ እናትሽ ጠቆር አድርጌዋለሁ። በጠርዙ ያሉት ፊደላት ዛሬም ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ እሱን ታገሺኝ፣ የዓይኔ ምስክር ነው። ከጀርባው አሻራዬ አለ። የወናፍንም አስጨምሬበታለሁ፣ ካልጨመርክ አላፈስም ብሎ አስገደደኝ።

እጄን አሳርፌያለሁ። ደስ ብሎኛል።

አጎትሽ

ሐምሌ 24

ይድረስ ለጋሼ፣ ለእኔ ለልጅዎ ብርሃን ለሆኑኝ፦

ሜዳሊያው ማክሰኞ ደረሰ። ፖስታ ቤቱ ውስጥ፣ ቆሜ፣ ሰው እየገፋኝ ከፈትኩት። ደብዳቤዎን ግን እዚያ ማንበብ አልቻልኩም። የወናፍ ንግግር ላይ ስደርስ ዕንባዬ ወረደና አንድ የማላውቀው ሰው ወንበር ለቀቀልኝ።

በማግሥቱ ሥራ ቦታ ወሰድኩት። መብራቱን ከጎን አበራሁ። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! ጉንጬ ከአጥንቱ ሥር የሚያርፍበትን ቦታ ወደ ሁለት ዓመት ስጠላው ኖሬ እንዲህ ያምራል ብሎ ማን አሰበ? የወረደው ቅንድቤ እንቅልፍ የመጣበት ሰው አስመስሎኛል፤ ልክ ነው፣ በሥራ ሰዓት እንዲያ ነኝ። ፊደላቱም ይውጡ ይውረዱ፣ እኔም እንደነሱው ነኝ።

ከዚያ ደንቡን እዚህም ላድርሰው ብዬ ሁለቱን ሜዳሊያዎች በፎጣ ሥር ደባለቅኳቸውና ባልደረባዬን ዓይኗን አስጨፈንኳት። እሷ እኔን ያወቀችኝ ከታመምኩ በኋላ ነው፤ የድሮ ፊቴን አይታው አታውቅም። አንዱን አውጥታ ዳሰሰች። ከንፈሩ ጥግ ላይ ስትደርስ ሳቀችና "ይህቺማ አንቺ ነሽ" አለችኝ።

በእጇ የያዘችው እማዬን ነበር።

እንግዲህ በደንቡ ከሄድን እኔም እማዬም መቅለጣችን ነው። እንዳያስቡት!

ያን ቀን ሻርፔን መንጠልጠያው ላይ ትቼ ወጣሁ። አውቶቡስ ላይ ያገኘሁት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ሴት አየችኝ፣ እኔም አየኋት፤ ከዚያ ሁለታችንም ወደየሐሳባችን ተመለስን። ለካ ይኸው ነው።

ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ትኬቱንም ይዣለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዋናውን ይዤልዎት እመጣለሁ። ወናፍ በር ላይ እንዳይተነፍስብኝ ይንገሩልኝ፤ መጀመሪያ የሚያየኝ እርስዎ ነዎት። እጅዎን ታጥበው ይጠብቁኝ፣ ሰም እንዳይኖርበት። ያቺ በመስኮቱ አጠገብ ያለች ወንበር ላይ እቀመጥልዎታለሁ፤ ቀኜን አዞርልዎታለሁ። በአውራ ጣትዎ ያዩኝና ማን እንደሆንኩ ይጥሩኝ።

ተሳስተው "እህቴ" ቢሉኝ አልቀየምም።

ልጅዎ